ሁለት ቤዝ፣ አንድ አምፕ፣ ቡሬ ሳይደርስ የሚጠፋ ድምፅ

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው መኪናው ላይ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) እና አምፕ (ድምፁን የሚያጎላ መሣሪያ) ያስገጠመ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ባለ 12 ኢንች ቤዝ አለኝ። እያንዳንዱ ሁለት ኮይል አለው፤ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ነው ይላል። አምፑ ባለ ሁለት ቻናል ነው። ካርቶኑ ላይ 1500 ዋት ተጽፏል። አምፑ ላይ ደግሞ ለብሪጅ ቢያንስ 4 ኦም ይላል። ኤሌትሪሽያኑ ኃይል እንዲጨምር ብሎ ሁሉንም ኮይል ፓራለል አድርጎ በብሪጅ አሰረልኝ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ቡሬ ሳልደርስ ቀይ መብራት ያበራና ዝም ይላል። የሚገርመኝ ደግሞ አንዱን ቤዝ ስነቅለው ድምፁ የሚሻል ይመስለኛል። እንዴት ባስረው ነው ኃይል የሚጨምረው? ወይስ ትልቅ አምፕ ልግዛ? አይሱዙ ያለው ጓደኛዬም ልክ እንደኔ ማስገጠም ይፈልጋል።»

ወንድምዓለም፣ አምፑን አትቀይር። ገና አልሞተም። ቀይ መብራቱ «አሳርፉኝ» እያለህ ነው። እሱ ባይኖር ይሄኔ አምፑን ለልጆች መጫወቻ ሰጥተኸው ነበር። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ጥፋት ይታየኛል። አንዱ አስተሳሰሩ ነው፤ እሱን ራስህም ጠርጥረሃል። ሁለተኛውን ግን ሳታውቀው ነግረኸኛል። «አንዱን ስነቅለው ይሻላል» ያልከው ነገር። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ይሄን ኦም የሚባል ነገር እንጨርሰው። ኦም ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መንገዱ ሰፋ ማለት ነው። ወደ ባሕር ዳር ስትመላለስ መራዊ ላይ የቆጋን መስኖ ታያለህ። ከዋናው ቦይ ጎን ለጎን አራት በር ብትከፍት ውኃው በአራቱም ይወጣል። ዋናው ቦይ ግን ቶሎ ይጎድላል። ፓራለል ማለት ይህ ነው። አንዱን ጠባብ ቦይ በሌላው ጠባብ ቦይ ጫፍ ብትቀጥለው ደግሞ ውኃው ሁለቱንም ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ፍሰቱ ይቀንሳል። ሲሪስ የሚሉት ይህንን ነው።

ያንተ ሁለት ቤዞች በድምሩ አራት ኮይል፣ ማለትም ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል፣ አላቸው። አራቱም 4 ኦም ናቸው። አራቱን ጎን ለጎን ስታስራቸው 4 ለ 4 ተካፍሎ 1 ኦም ይሆናል። አምፑ ግን በብሪጅ ከ4 ኦም በታች አታምጣብኝ ብሎ ጽፏል። ብሪጅ ማለት ሁለቱ ቻናሎች፣ የአምፑ ሁለት መውጫዎች፣ አንዱ እየገፋ ሌላው እየሳበ አንድ ጭነት አብረው መሸከማቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ኦም ነው። ባንተ አምፕ ላይ ይህ ወደ 0.5 ኦም ይወርዳል። ከሾርት ብዙም አይርቅም። ቡሬ ድረስ ለመድረስ መሞከሩም የሚያስመሰግነው ነው።

በኤሌትሪሽያንህ ግን ብዙ አልፈርድም። ያለው ነገር በወረቀት ላይ እውነት ነው። ኃይል ማለት ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለኦሙ ስታካፍለው የሚመጣው ነው። አምፑ 20 ቮልት ቢያወጣ በ4 ኦም ላይ 100 ዋት ይሆናል፣ በ2 ኦም ላይ 200፣ በ1 ኦም ላይ 400። ደስ ይላል። ግን የሚስበውንም ከረንት እይ። 5 አምፔር የነበረው 10 ይሆናል፣ ከዚያ 20። ያንን ከረንት የሚያሳልፉት አምፑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ይግላሉ። ከዚያ ወይ ቀይ መብራት ነው፣ ወይ ጭስ።

ጭሱን እኔ አይቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ሙሽራ አጃቢ ፒክ አፕ ልክ እንዳንተ አራት ኮይል በፓራለል አስሬ ሰደድኩ። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሉማሜ ሳይደርሱ ተደወለልኝ። አምፑን ስከፍተው ሰሌዳው በእጅ መዳፍ ስፋት ጠቁሯል። አንዱ ትራንዚስተር ለሁለት ተሰንጥቋል። ሽታው ጣቴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ሙሽራውን በመኪናው ሬድዮ ብቻ አጀቡት። ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በቴስተር፣ ኦምና ቮልት በሚለካው መሣሪያ፣ ሳልለካ አምፕ ላይ ሽቦ አስሬ አላውቅም።

አሁን ወዳንተ። ትክክለኛው አስተሳሰር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ሽቦ ንቀል። አንዱ ቤዝ ላይ አራት መያዣ ታገኛለህ፤ ሁለት ፕላስ፣ ሁለት ማይነስ። የአንደኛውን ኮይል ማይነስ በአጭር ሽቦ ከሁለተኛው ኮይል ፕላስ ጋር አገናኝ። ሳይነኩ የቀሩት አንድ ፕላስና አንድ ማይነስ የቤዙ መግቢያና መውጫ ናቸው። ሁለቱ ኮይሎች ሲሪስ ሆነው 8 ኦም ሆኑ። ሁለተኛውንም ቤዝ እንደዚሁ አድርግ። ከዚያ የሁለቱን ቤዞች ፕላስ አንድ ላይ፣ ማይነሳቸውንም አንድ ላይ እሰር። ሁለት 8 ኦም ጎን ለጎን 4 ኦም ነው። አምፑ የጠየቀህም ይህንኑ ነው። ወደ አምፑ ስትወስደው ለብሪጅ የተሰመረውን ምልክት ተከተል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ቻናል ፕላስና የሌላው ቻናል ማይነስ ነው። በግምት ግን አትሂድ።

አምፑ ላይ ከመስካትህ በፊት ለካ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው። ሁለቱን ጫፎች መጀመሪያ እርስ በርስ አነካካቸውና የሚያሳየውን ቁጥር ያዝ። ርካሽ ቴስተር 0.3 ወይም 0.5 ሊያሳይህ ይችላል፤ የራሱ ሽቦ ነው። እሱን ከምትለካው ላይ ቀንስ። ከዚያ ከቤዞቹ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ለካ። ከ3 እስከ 3.7 አካባቢ ካነበብክ ደህና ነው። ልክ 4 ካልሆነ ብለህ አትደንግጥ። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ነው፤ ከኮይሉ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ማነሱ የተለመደ ነው። ወደ 1 የሚጠጋ ካየህ ግን የሆነ ቦታ ስተሃል። ወደ 14 የሚጠጋ ካየህም ሁለቱን ቤዞች በስህተት ሲሪስ አድርገሃል፤ አምፑ አይጎዳም፣ ድምፁ ግን የተኛ ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ። አምፑ ለስቴሪዮ 2 ኦም እችላለሁ ካለ ብሪጁን ትተህ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ አንድ ቤዝ ስጠው፤ የየቤዙን ሁለት ኮይል ፓራለል አድርገህ። ሰዎች ይሄኛው ደካማ ነው ይላሉ። አይደለም። በብሪጅ 4 ኦም ሲሆንም እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው 2 ኦም ነው። ጠቅላላ ኃይሉ አንድ ነው። እኔ ብሪጁን የምመርጠው ሁለቱ ቤዞች እኩል ስለሚያገኙ ብቻ ነው።

ኤሌትሪሽያንህ የሠራው ባለ 1 ኦም አስተሳሰርም ቦታ አለው። ባለ አንድ ቻናል ሆኖ «1 ኦም እችላለሁ» ብሎ የጻፈ አምፕ ቢኖርህ ያንኑ አስተሳሰር እኔም እሠራልህ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት። አንዱን ቤዝ ስትነቅል ድምፁ ከተሻለ ሁለቱ እየተጣሉ ነው ማለት ነው። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ወዳንተ ጆሮ አይመጣም። የአንዱ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ታስሯል። በእርግጥ አንዱን ስትነቅል የአምፑም ጭነት ይቀላል፤ ግን ወፍራሙ ድምፅ ራሱ ሲጨምር የማየው ባብዛኛው በመገልበጡ ምክንያት ነው።

ማረጋገጫው የባትሪ ድንጋይ ነው። ባለ 1.5 ቮልቱን፣ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን። ቤዙን ከአምፑ ንቀል። የድንጋዩን ፕላስ ከቤዙ ፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ ጋር ለአፍታ ነካ አድርግ። ኮኑ፣ የሚርገበገበው የቤዙ ፊት፣ ላይ ጣትህን በስሱ አሳርፍ። ወደ ውጭ ብቅ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ይህን በአራቱም ኮይል ላይ ለየብቻ ሞክረው፤ አንድ ቤዝ ውስጥ ሁለቱ ኮይሎች ከተቃረኑ ኮኑ ምንም ሳይንቀሳቀስ ኮይሉ ብቻ እየጋለ ይቃጠላልና። ነካ አድርገህ ልቀቅ፣ ይዘህ አትቁም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያደርግ ትልቅ አምፕ ሲገዛ አያለሁ።

አሁን ስለ 1500 ዋት። ካርቶን ብዙ ያወራል። «ማክስ» የሚለውን ቁጥር እርሳው። የምትፈልገው አር ኤም ኤስ የሚለውን ነው፤ አምፑ ሳይደክም የሚቀጥልበት ኃይል ነው። እሱ ካልተጻፈ የአምፑን ፊውዝ እይ። ሁለት ባለ 25 ፊውዝ ካለው 50 አምፔር ነው። ሞተር ተነስቶ ባትሪው 13.8 ቮልት ሲሆን 50 በ13.8 ወደ 690 ዋት ይመጣል። ይህ የሚገባው ነው። ክላስ ኤቢ የሚባለው የድሮው ዓይነት አምፕ ሙሉ ሲሠራ ከሚገባው 60 በመቶ አካባቢ ነው ወደ ቤዝ የሚያደርሰው፣ ቀሪው ሙቀት ነው። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው ወደ 400 ዋት ነው። ክላስ ዲ ከሆነ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያደርስ ይችላል። ያም ሆኖ 1500ን አታገኘውም። 690 ገብቶ 1500 የሚወጣበት አምፕ ካለ እኔም እገዛዋለሁ።

ፊውዙን አንስተህ የሽቦ ቁራጭ ወይም የሲጋራ ብር ወረቀት ያደረግክበት ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ማንበብህን አቁምና ሂድ አውጣው። ተሳፋሪ ነው የምትጭነው።

«ታዲያ ኃይል ከየት ይምጣ?» ትለኛለህ። ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ላይ ተኝቷል። ለአብዛኛው ተራ አምፕ የሚደርሰው ቮልት ከ14 ወደ 12 ቢወርድ ከኃይሉ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። መብራትህ ከቤዙ ጋር ደብዘዝ ቦግ የሚል ከሆነ ደግሞ ቮልቱ የሚወርደው ገና ባትሪውና ዲናሞው ጋ ነው። 50 አምፔር ለሚስብ አምፕ፣ ሽቦው ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ከሄደ፣ ባለ 4 ጌጅ ንጹሕ መዳብ እፈልጋለሁ። 21 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ መዳቡ ብቻውን የእርሳስ ውፍረት ይጠጋል። ባለ 8 ጌጅ ብታደርግ ፕላሱ ላይ ብቻ ግማሽ ቮልት ታጣለህ።

ገበያ ላይ አደራህን። ብዙው ሽቦ ከላይ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። የላስቲክ ልባሱ ወፍራም ስለሆነ በዓይን ያታልላል። ከመግዛትህ በፊት አንዷን ክር መዘህ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ግዛው ካልክም አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ውሰድ።

ፕላሱ ላይ፣ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። ይህ ፊውዝ ለአምፑ አይደለም፤ ለሽቦው ነው። ሽቦው ወንበር ስር ተልጦ ቦዲውን ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። ማይነሱንም አትናቀው። ከፕላሱ እኩል የወፈረ፣ አጭር ይሁን። ቦዲው ላይ የምታስርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጽዳው፣ ከዚያ በቡሎንና በዳዶ አጥብቀው። የወንበር ቀበቶ ቡሎን ላይ አትሰር። ብዙ «አምፑ ሰነፈ» ተብሎ የመጣልኝ መኪና መድኃኒቱ ይህች ብርጭቆ ወረቀት ነበረች።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነሳ፣ ዘፈን ክፈት፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ አምፑ መግቢያ ላይ ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሽቦህን ወይም እስሩን እይ። ባትሪው ራሱ ከ13 በታች ከወረደ ደግሞ ነገሩ የዲናሞ ነው። ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ትንሽ ነው የሚያመነጨው። መናኸሪያ ቆመህ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ቤዙን ከፍተህ የምትጠብቅ ከሆነ የምትበላው ባትሪህን ነው።

አምፑ የት እንዳለ አልነገርከኝም። ሚኒባስ ስለሆነ ከወንበር ስር ይመስለኛል። ላዩ ላይ ሻንጣና የጤፍ ከረጢት ካለበት ጀርባው ላይ ያሉት ክንፎች መተንፈስ አይችሉም። አንድ መዳፍ ያህል ክፍት አየር ተውለት።

አሁን ጌይን። ይህች ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። አምፑን ከሬድዮው ጋር የምታስማማበት ናት። ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻ ያዞራታል፤ ከዚያ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፣ ኮይሉ ይጠበሳል። በቴስተር እንዲህ አስተካክላት። ቤዞቹን ከአምፑ ንቀል። ጌይኑን መጨረሻ ድረስ ቀንስ። ቤዝ ቡስት ዜሮ ይሁን። የሬድዮውን ድምፅ ሦስት አራተኛው ላይ አድርግ። ስልክህ ላይ የ50 ኸርዝ ድምፅ አውርደህ ክፈት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የብሪጁን ሁለት ጫፍ ያዝና ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምር። 400 ዋትን በ4 አባዝተህ ስኩዌር ሩቱን ስታወጣ 40 ይመጣል። 40 ቮልት ላይ ስትደርስ አቁም። አምፕህ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ባለህ ዋት አስላው። ማጣሪያውን፣ ሎው ፓስ የሚለውን፣ 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው። ከዚያ ድምፁን ዘግተህ ቤዞቹን መልስ።

ልክ መሆኑን በጆሮ የማረጋግጥበት ዘዴ አለኝ። ከበሮ ያለበት የሰርግ ዘፈን እከፍታለሁ። ከበሮ ትልቅና ትንሽ ፊት አለው። ሁለቱን ምት ለይተህ ከሰማህ ቤዝህ ተስተካክሏል። ሁለቱም «ጉም፣ ጉም» ብቻ ከሆኑብህ ጌይኑን ቀንስ። የኋላ ወንበር የተቀመጡት እናቶች ደረታቸውን ከያዙም ቀንስ፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ትልቅ አምፕ ልግዛ ላልከው፣ ከ400 ዋት ወደ 800 ብትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። ትሰማዋለህ፣ ግን እጥፍ አይመስልህም። ጆሮ እጥፍ ሆነ እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ነው። 4000 ዋት ማለቴ ነው። ዲናሞህ ይህን ሲሰማ ይስቃል። የተገለበጠውን ቤዝ ማስተካከል ግን በነጻ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ሊሰጥህ ይችላል። ሳጥኑንም ፈትሽ። ዝግ ሳጥን ከሆነ ዘፈን ከፍተህ መጋጠሚያዎቹ ላይ እርጥብ እጅህን አዙር። አየር ሲወጣ ቀዝቀዝ ይልሃል። በሲሊኮን ድፈነው።

ስለ ጓደኛህ አይሱዙ። ብዙ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ ሲሪስ ሆነው። ያንተን ዓይነት ባለ 12 ቮልት አምፕ በቀጥታ ከሰካበት በዚያው ቅጽበት ይሰናበተዋል። «ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ልውሰድ» የሚለውም ዘዴ አይበጅም። አንዱ ባትሪ እየተራቆተ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይግዛ። የኮንቨርተሩ አምፔር ከአምፑ ፊውዝ ድምር ያነሰ እንዳይሆን። ከመግዛቱ በፊት ቴስተሩን አውሰውና ባትሪዎቹ ላይ የሚያነበውን ቁጥር ይላክልኝ።